ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረላት መኪና

ለተከበሩ ሚስተር አልደስ ሀርግሪቭ
«የሻርታል ዩኒቨርሲቲ ወዳጆች» በጎ አድራጎት ማህበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ የማህበሩ የቦርድ አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም በየዓመቱ በሚልኩልን ካርድ ላይ ከእርስዎ ጋር ፎቶ ተነስተው የምናያቸው ሁለቱ ውሾችዎ እንደምን ከረማችሁ? የብርዱ ወራት እንዴት አለፈላችሁ? እኛ የሞንጎሊያ ወዳጆችዎ ደህና ነን፤ በጎቻችንም ሰብተዋል። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንዳስከፈለችን ወደ ታች ወረድ ብዬ ስለማስረዳ ለጊዜው እንደ ሰላምታ ብቻ እንዲቀበሉልኝ በትህትና እለምናለሁ።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ እኔ የዳንዛን ልጅ ዶልጎርማ ነኝ። በሻርታል ዩኒቨርሲቲ የበግ ቆዳ በሽታ አስተምራለሁ፤ በስምዎ የተሰየመው «የሀርግሪቭ መንበር» ባለቤትም ነኝ፣ ወይም መንበሩ የእኔ ባለቤት ነው፤ እስካሁን አለየልኝም። በስምምነታችን መሠረት ዘመኑ እስኪያልቅ ድረስ ሥራ መቀየር፣ ሌላ ቦታ ማስተማር ወይም መልቀቅ አልችልም፤ ከለቀቅሁ ቤተ ሙከራው፣ የተማሪዎቼ የነፃ ትምህርት ዕድልና መኪናዋ አብረው ከዩኒቨርሲቲው ይወሰዳሉ። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ትንሽ ካሳለኝ እንኳ ሙቅ ውሃ ይዘው ይሯሯጣሉ። እንዲህ አድርጎ የሚያስከብር መንበር ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ተቀምጬ ሳለሁ የታዘብኳቸውን ጥቂት ነገሮች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መኪናዋ። ነጭ ናት፣ ረጅም ናት፣ በውስጧ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ፣ የበግ መርጫ መሣሪያና መድኃኒት የሞላበት ማቀዝቀዣ አላት፤ በሁለቱም ጎኖቿ የእርስዎ ስም በወርቃማ ቀለም ስለተጻፈ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ እረኛም ሊያነበው ይችላል፣ እረኛው ያለበት ድረስ ብትሄድ። ቁልፏን ያስረከቡን ዕለት ፕሬዚዳንታችን ፕሮፌሰር ጎምቦሱረን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ነው የተቀበሉት፤ ስጦታን በአንድ እጅ መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ይቅርብኝ ማለት ደግሞ ከነውርም የከፋ ነውር ነው። ስምምነቱን ያነበብነው ከግብዣው በኋላ ነበር። ለካስ መኪናዋ እናንተ ዘንድ ከሚሰበሰበው ጥምር ኮሚቴ ፈቃድ ውጭ ከአስፋልት መውጣት አትችልም፤ እናንተ ዘንድ ያለው የመድን ድርጅት አስፋልት ያልሆነውን መንገድ ብሎ አይጠራውምና። የከተማችን አስፋልት ከዩኒቨርሲቲው በር ተነስቶ ሥጋ ተራው ጋ ያልቃል። እዚያ በግ መኖሩን አልክድም፤ ሁሉም ግን ተገፎ የተሰቀለ ስለሆነ ከእኔ ሙያ አልፏል።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይቺ ናት። የከፋው ግን፣ ላሟን በሰማይ ስላየ ምድር ላይ ያለውን የሚከለክል ሰው መኖሩ ነው። የክፍለ ሀገሩን የእንስሳት ጤና ቢሮ አንድ አሮጌ ጂፕ እንዲያውሰን ብንጠይቅ ኃላፊው ከትከት ብለው ስቀው «እናንተማ ሆስፒታል በጎማ ተሰጥቷችሁ! ደግሞ የድሃ ጂፕ አማራችሁ?» ብለው ሸኙን። ይሉኝታ ያዘንና ስቀን ወጣን።

ሁለተኛ፦ ስለ ትምህርት ትብብሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ በእናንተ ጠዋት፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ፣ ጋራዥ ውስጥ በቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጬ «ከሣር ሜዳው በቀጥታ» የተሰኘውን ትምህርት ለእናንተ አገር ተማሪዎች እሰጣለሁ። ከኋላዬ የሚንጣለለው አረንጓዴ ሜዳ ከቢሮዎ የተላከልን ሸራ ነው፤ በስተግራው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የእናንተ አገር ላም ስላለችበት እኔ በትከሻዬ እከልላታለሁ። ካሜራው ከፍ ሲል የጋራዡ ቆርቆሮ እንዳይታይ አንገቴን ሰበር አድርጌ እንድቀመጥ ተመክሬ፣ በምክሩም ተጠቅሜያለሁ። ባለፈው አንድ ጨዋ ተማሪያችሁ ንፋሱ አያስቸግርዎትም ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ዛሬ እንኳ ጸጥ ብሏል አልኩት። ሐሰት አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ ምንጊዜም ጸጥ ያለ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ወንድሜ። ታናሽ ወንድሜ ቻድራባል የእናት አባታችንን በጎች ይዞ ከቀይ አለት ጀርባ ባለው ሸለቆ ይኖራል፣ ማለቴ ይኖር ነበር። አምና ውርጩ ሳይገባ በሞተር ብስክሌቱ ቤቴ መጣ። ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ ደህንነቱን ጠየቅሁት፣ ጨው ያለበትን የወተት ሻያችንን አፈላሁ፣ የአየሩን ነገር አወራን፤ ማንቆርቆሪያው ሲንጠፈጠፍ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «እትዬ፣ በጎቹ አለት ላይ ሲታከኩ ይውላሉ። ስዳብሳቸው ጸጉሩ እጄ ላይ ይቀራል» አለኝ።

እከክ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት በሽታ ስለሆነ ሳላየው አወቅሁት። ውርጩ ሳይገባ ከታከመ ይድናል፤ ካልታከመ ግን ጸጉሩ ረግፎ ራቁቱን የእኛ ብርድ ውስጥ የሚገባ በግ ፀደይን አያይም። መድኃኒቱ በመኪናዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተደርድሮ በየሐሙሱ አየዋለሁ፤ ከመኪናዋ ግን እንዳይወጣ ስምምነቱ ያዛል። ወንድሜ «ታዲያ መኪናሽን አስነሺያ» አለ። ፈቃድ ያስፈልጋል አልኩት። «ከማን?» አለ። ከባሕር ማዶ አልኩት። «ሰውዬው በጎቼን ያውቃቸዋል?» አለኝ።

ፈቃዱን ጠየቅሁ። የትብብር ኃላፊዎ ወይዘሪት ፊሊፓ በሚያስመሰግን ፍጥነት መልስ ሰጡኝ፤ መኪናዋ የምትሄድበት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይገለጽ አሉ። ወንድሜ ቤቱን ነቅሎ የሚጭን ሰው በመሆኑ፣ በመኸር ከቀይ አለት ጀርባ፣ በረዶ ሲጀምር ከተራራው ደቡብ ግርጌ፣ ከዚያ በኋላ ሣር ከተገኘበት ነው ብዬ መለስኩ። እባክዎ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ ተባልኩ። መረጥኩ። ጉዳዩ ለኮሚቴው ተመራ፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በፀደይ ነበር።

በስምምነቱ ውስጥ ግን አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ። አስቸኳይ ችግር ከሆነ ወይዘሪት ፊሊፓ ብቻቸውን መፍቀድ ይችላሉ። ደግ ሰው ናቸውና እሺ አሉ፤ ነገር ግን ችግሩን «ከተጠቃሚው አንደበት» መስማት እፈልጋለሁ አሉ። ወንድሜን ማድ ቤቴ ውስጥ ከስልኩ ፊት አስቀመጥኩት፣ ከጎኑ ሆኜ ማስተርጎም ጀመርኩ። እሳቸውም በፈገግታ እንዴት ነህ፣ መኸሩ እንዴት ነው፣ በጎችህ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁት። ወንድሜም «ደህና ነን፣ መኸሩም ሸጋ ነው፣ በጎቹም ሰብተዋል» አለ።

ክቡርነትዎ፣ ሌላ ምን ሊል ይችላል? በእኛ ዘንድ የከብት ሰላምታ መልሱ አንድ ብቻ ነው። መንጋው በሙሉ የሞተበት ሰውም ሰብተዋል ይላል፤ በእንግዳ ፊት ላይ ክፉ ወሬ ከደጃፍ አይወረወርም፣ በከብት ላይም ሟርት ይሆናል። እንግዳው ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ስለ አየሩ ይወራል፣ ማንቆርቆሪያው ሲንጠፈጠፍ ያኔ እውነቱ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በአገራችን የለም። ወንድሜ ሻዩን ለመቅዳት ዘወር ሲል፣ ወይዘሪት ፊሊፓ ሌላ ስብሰባ ስላለባቸው በጣም ደስ ብሎኛል ብለው ስልኩን ዘጉት። ስኒውን እንደያዘ ባዶውን ስልክ እያየ «የት ሄደች? ገና መቼ ጀመርኩና?» አለ።

እዚያው ተቀምጬ ነገሩን አብራርቼ ጻፍኩ። የተሰጠኝ መልስ የተማረ ሰው መልስ ነው። ማህበሩ ጥቅም ካለው ተቋም ድምፅ ይልቅ የተጠቃሚውን ድምፅ እንደሚያስቀድም፣ ተጠቃሚውም በገዛ አንደበቱ በጎቹ መስባታቸውን ማረጋገጡን ገለጹልኝ። ከእኔ ይልቅ ወንድሜን ስላከበሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜን ለምን ደህና ነን አልክ ብዬ ልቆጣው አሰብኩና ተውኩት፤ እኔ ብሆንስ ሌላ ምን እል ነበር?

ከገበያ የተገኘውን መድኃኒት ገዝቼ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። በእጃችን ያለው እስኪያልቅ ድረስ ወጋን፤ ያለቀው ግን ከግማሹ መንጋ በፊት ነው። ስመለስ የሐሙስ ትምህርት በማስታጎሌና «ለመንበሩ ክብር በማይመጥን መጓጓዣ» በመንቀሳቀሴ የጽሑፍ ተግሣጽ ጠበቀኝ። ተግሣጹ ላይ ስሜ ሳይሳሳት ስለተጻፈ ተደስቻለሁ፤ በመንበሩ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ «ዶልጎማር» ነው የሚለው።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ብርዱ ገባ። የታከሙት እንኳ ካልታከሙት ጋር ተጠጋግተው ሲያድሩ መልሶ ያዛቸው። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ መተረኩን እተወዋለሁ። በነጭ ወር፣ ማለትም በአዲስ ዓመታችን፣ ልጠይቀው ሄጄ ብርዱ እንዴት አለፈልህ ስለው ደህና ነው፣ በጎቹም ሰብተዋል አለኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ በረቱ ጭር ብሏል። እንደ ወጉ ተቀመጥኩ፣ ጠጣሁ፣ ስለ አየሩ አወራሁ። ማንቆርቆሪያው ሲንጠፈጠፍ «እትዬ፣ ውሻው ብቻ ቀረ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በፀደይ የኮሚቴው ፈቃድ ከእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ጋር ደረሰን። መኪናዋ ከቀይ አለት ጀርባ ድረስ እንድትሄድ ተፈቅዶላታል። እዚያ አሁን አለቱ አለ።

ወንድሜም የቀረችውን ድንኳኑን ጭኖ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ተከለ። የመድን ድርጅታችሁ ለመኪናዋ ዘበኛ ካልተቀጠረላት ብሎ ስለነበር ፕሬዚዳንታችን አዝነው ቦታውን ለእሱ ሰጡት። ሥራ የጀመረ ዕለት ከመኪናዋ መስታወት ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አሰረ። በእኛ ዘንድ ከመንጋው ተመርጦ እንዲህ ጨርቅ የታሰረለት ፈረስ ለሰማይ የተሰጠ ነው፣ ሰው አይነካውም። ወንድሜ እጁን በሱሪው እየጠረገ «ስንት ጊዜ በከንቱ ተናደድሽ፣ እትዬ። ይቺ እኮ ለሰማይ የተሳለች ናት። አትጋለብ፣ አትሸጥ፣ አትታረድ፤ አርጅታ ትሙት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አሮጊቶች በጋራዡ በኩል ሲያልፉ ጎማዋ ላይ ወተት ጠብ ያደርጉላታል። መኪናዋ በአካባቢው ኅብረተሰብ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቷን በዓመታዊ መጽሔታችሁ ላይ ያለ ሐፍረት ሊጽፉት ይችላሉ።

እኔም ያው ከመንበርዎ ላይ ነኝ። አንዳንድ ሐሙስ፣ ከሸራው ፊት አንገቴን ሰብሬ ስናገር፣ ጨርቁ የታሰረው በእኔ አንገት ላይ ይመስለኛል። ብነሳ ተማሪዎቼ ይወድቃሉ፤ ብቀመጥ እንዲህ ነኝ።

ለዘንድሮው ናዳም፣ ማለትም ለበጋው የፈረስ እሽቅድምድም በዓላችን፣ ከእንግዶችዎ ጋር ሊጎበኙን ማሰብዎን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ መኪና አልለምንም፣ መንበርም ይበቃኛል። ሲመጡ እንዴት ከረማችሁ ብለው ይጠይቁናል፣ እኛም ደህና ነን፣ በጎቻችንም ሰብተዋል እንልዎታለን። እባክዎ ያን ጊዜ አይነሱ። ሻዩ ጨው ቢበዛበትም፣ ሌላ ስብሰባ ቢኖርብዎትም፣ ማንቆርቆሪያው እስኪንጠፈጠፍ ይቀመጡልን።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለውሾችዎ ጤና፣ ለኮሚቴዎ ብዙ ስብሰባ እየተመኘሁ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከመንበርዎ ሳልነሳ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ዶልጎርማ የዳንዛን ልጅ
የሀርግሪቭ መንበር ባለቤት
ጋራዥ ውስጥ

ግልባጭ፦
ለፕሮፌሰር ጎምቦሱረን፣ አንብበው እንዳላነበቡ እንዲሆኑልኝ
ለክፍለ ሀገሩ የእንስሳት ጤና ቢሮ፣ ስቀው ሲያበቁ እንዲያነቡት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሪት ፊሊፓ ለመጽሔቱ የመኪናዋን ፎቶግራፍ ስለጠየቁኝ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ከፊት ጎማው አጠገብ የዘበኛ ኮፍያ ደፍቶ የቆመው ወንድሜ ነው፤ «ማህበራችን የፈጠረው የሥራ ዕድል» በሚለው ገጽ ላይ እንደሚወጣ ነግረውኛል። ስለ አዲሱ ሕይወቱ ከገዛ አንደበቱ ለመስማትም በሚቀጥለው ሳምንት ይደውሉለታል፤ እሱም ደህና ነኝ፣ በጎቹም ሰብተዋል ብሎ እንደሚመልስ ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አይጠብቁ፤ ጋራዡ ውስጥ ሻይ ማፍላት በስምምነቱ የተከለከለ ነው።