ጥቁር ሳላወልቅ ያመለጠን መሬት

ሽሜ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ወር ተጋመሰ። ሙት ዓመትህን አስበን ውለናል፤ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ነገር ስላሳፈረኝ ነው። ሳላዞር ልናገረው፤ የሚስ ካሮል ቦታ አመለጠኝ። ስንቱን አይተህ፣ ስንቱን ጥለህ በመጨረሻ «ይሄ ነው» ያልከው ቤት፣ ጣሪያው የሚያፈሰው፣ ከኋላው ያ ሁሉ መስክ ያለው፣ ለሌላ ሰው ተሽጧል።

ብትቆጣ እውነትህን ነው። እኔም ተቆጥቼ አልጨረስኩም። ብቻ በፊት ከሥራ ስትገባ እንደማደርገው የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

ሳሮን ተመልሳ ከእኔ ጋር ገብታለች። «ማሚ፣ ብቻሽን አትሆኚም፣ ዲስከስ አናደርገውም» ብላ አፓርታማዋን ለቃ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ሆስፒታል በሽተኛ ማዘዝ ስለለመደች እኔንም ታዝዘኛለች፤ ጨው ቀንሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ተራመጂ። ልጅህ እንዲህ አምባገነን ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። የኤርፖርት ሻትል አብረውህ ይነዱ የነበሩት ልጆች እስከ ዛሬ እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሣሩን አሁን የሚያጭድልን ጎረቤታችን ነው። አጭዶ በወረቀት ከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ሲያቆመው ባየሁ ቁጥር አንተ ትመጣብኛለህ። «ይሄን የመሰለ ድርቆሽ ቆሻሻ ነው ብለው ይጥሉታል! ሰላሌ ቢሆን ስንት ከብት ያከርም ነበር» እያልክ ከረጢቱን ከፍተህ እፍኝ ሣር ታወጣና ታሸት ነበር። በመላው የሊቶኒያ ሰፈራችን የሰው ቆሻሻ ከፍቶ የሚያሸት ጤነኛ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ።

ስንት ዓመት ሙሉ መንገደኛ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ስታመላልስ ኖርክ፤ ልብህ ግን ከላም ጋር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን ኋላ ወንበር ላይ ጥለን ወደ ገጠር እንወጣለን። ዘመድ ጓደኛው ማሪዬታ ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ ቤት ሲያይ እኛ በሩ የተገነጠለ፣ ኩሽናው የሻገተ ቤት ስናይ እንውላለን። አንተ ደግሞ ቤቱን ዞር ብለህም አታየውም። በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደህ ሣሩን ትነቅላለህ፣ ታኝካለህ፣ ትተፋለህ። ይሄ ለፍየል እንጂ ለላም አይሆንም፤ ያኛው ውኃው ሩቅ ነው፤ ይሄኛው ከቤተ ክርስቲያን ራቀ። ቤት ማየት እንጂ መግዛት አታውቅም እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ሪልተራችንም፣ ቤት አሻሻጩ፣ ሳይሰለቸን አልቀረም፤ ኋላ ኋላ ስልክ ማንሳት ትቶ ነበር።

መንገድ ላይ የተጨቃጨቅነውስ ትዝ ይልሃል? ላሚቱ ሁዳዴ መግባቱን አታውቅ፤ በጾሙ የታለበውን ወተት ማን ይጠጣዋል ብዬ ጠየቅኩህ። ገና ላልገዛነው ቤት፣ ገና ላልገዛናት ላም። ነዳጅ ማደያ ገብተህ ፓርክ አደረግክና ቁም ነገር አድርገህ አሰብክበት። ይናጣል አልክ፤ ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል፣ ለፋሲካ የአትላንታ አበሻ በሙሉ ይሰለፋል አልክ። ማን ነው የሚንጠው ስልህ ዞረህ እኔን አየህ። እኔ የናዝሬት ልጅ፣ ላም በሩቅ ሲመጣ መንገድ የምቀይር! እዚያው መኪና ውስጥ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

የሚስ ካሮልን ቦታ ያየነው በአጋጣሚ ነበር፤ መንገድ ስተን ስንመለስ፣ «ለሽያጭ» የሚል ምልክት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ። አሮጊቷ ራሷ ወጥታ አስገባችን። እኔ ቤቱን አየሁ፤ የኩሽናው ወለል ተዘቅዝቆ ጠረጴዛው እግር ሥር ጣውላ ተወሽቋል፣ ጣሪያው በሁለት በኩል ያፈስሳል፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ያንቋርራል። በሆዴ እዚህ ቤት አልገባም ብዬ ወጣሁ። አንተ ከመስኩ ስትመለስ ጫማህ ጭቃ በጭቃ፣ ጥርስህ አልከደን ብሎ። ባሏ እስኪሞት ድረስ ከብት ያረቡ እንደነበር ስትነግርህ ሌላ ቦታ የሚተሳሰረው እንግሊዝኛህ ተፈታ። በረቱ የቱ ጋ እንደሚሠራ፣ በጎቹ የት እንደሚያድሩ፣ ጥጆቹ ከእናታቸው በየት በኩል እንደሚለዩ እጄን ይዘህ እየዞርክ አሳየኸኝ። ያን ቀን ቤቱን እንደፈራሁት ረሳሁ። አንተ እንዲያ ደስ ብሎህ ሳይ ወለሉ ይቃናል፣ ጣሪያው ይደፈናል አልኩ።

የግዢ ኦፈር ግን አላስገባንም። በመጀመሪያ የአክስትህ ልጅ ሠርግ ነበር፤ በሠርግ ሰሞን ቤት ብንገዛ ሰው ይታዘበናል አልክ። ቀጥሎ እትዬ አልማዝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ እህቴ ተኝታ እኔ መሬት ልግዛ እንዴ አልክ። ከፋሲካ በኋላ ተባባልን። ፋሲካን አብረን ፈሰክን፤ ዳግማይ ትንሣኤን ሳታይ ልብህ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ሶፋው ወጥቶ ወንበር ገባ፤ አንተን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ አለቀሱልህ። በመስከረም ገደማ ሚስ ካሮል ደወለች። መሞትህን ሰምታ ነበር፤ አጽናናችኝ። ቀጥላ አንድ ነጋዴ ዛፉን ቆርጦ ቤት ሊደረድርበት ቦታውን እንደጠየቃት፣ እሷ ግን ላም የሚያረባ ሰው እንዲገባበት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አንቺ ትፈልጊዋለሽ ወይ አለችኝ፣ በቀጥታ።

ሽሜ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ግን እትዬ አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከዚያ በፊት ይህን ቤት ሸጬ ያንን የመግዛቱን ነገር ጫፉን ብቻ አንስቼላት ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? «የወንድሜ ለቅሶ የተቀመጥንበት ቤት ዓመት ሳይደፍን ለገበያ ይውጣ? ሰው ምን ይላል አስቴር?» እውነት አላት ብዬ አሰብኩ። ሞቱን ስትጠብቅ ነበር ይሉኛል፤ ጥቁር ለብሳ መሬት ስትመርጥ አየናት ይላሉ። በሕልሜ ሳይቀር ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሲያሙኝ እሰማቸው ነበር። ስለዚህ ለሚስ ካሮል እናያለን፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ዓመቱ እስኪደርስ ጠብቂኝ ማለት እንዴት እንዳቃተኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የብርዱን ወራት በሙሉ፣ ሥራ በማይኖረኝ ቀን፣ ብቻዬን እየነዳሁ በዚያ መንገድ አልፍ ነበር። አልገባም። አጥሩ ጋ ቀስ እላለሁ፣ ምልክቱ እንደተንጠለጠለ አያለሁ፣ ልቤ ያርፋል፣ እመለሳለሁ። ጥቁሬን ባወለቅኩ ማግሥት እንደምደውል አስቤ ጨርሼ ነበር። የት እንደምተኛ፣ የአንተን ወንበር በረንዳው ላይ በየት በኩል እንደማስቀምጥ ሁሉ ወስኜ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ግን በሙት ዓመትህ ዝግጅት ተጠምጄ ወደዚያ አልሄድኩም።

ሙት ዓመትህ አምሮ ዋለ፤ በዚህስ አትቀየመኝም። ምግቡ ተበልቶ ሰው ዘና ሲል እትዬ አልማዝ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ከጎኗ እነዚያው ለቅሶ ላይ የነበሩት ሴቶች። ክንዴን ዳበስ አደረገችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አስቱዬ፣ አሁንስ ይሄን ትልቅ ቤት ምን ታደርጊዋለሽ? ሽጠሽ ደስ ወዳለሽ አትሄጂም? ሽመልስ እኮ ገጠር ይወድ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ምን እንዳስቀመጠሽ አይገባኝም።» ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ፣ እኔ ብሆን ያኔውኑ እሸጠው ነበር አለች። ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ስፈራ የኖርኩት እነዚህን ሴቶች ነው፤ እትዬ አልማዝ ግን ምን እንዳለችኝ እንኳ አታስታውስም። ሳቄ መጣ፤ ሳሮን እያለቀስኩ መስሏት ሮጣ መጣች። በኋላማ እውነትም አለቀስኩ።

በማግሥቱ ደወልኩ። ሚስ ካሮል ሸጣዋለች። ለባልና ሚስት፣ ልጆች ናቸው አለች፣ ፈረስ አላቸው። ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም ስትለኝ ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ሰው ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ቃል ብትነግሪኝ እጠብቅሽ ነበር፤ እኔም እኮ ባሌን ቀብሬአለሁ አለችኝ። የተቆጣችኝ አይመስልም፣ ያዘነችልኝ ነው የሚመስለው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንተም ከደሙ ንጹህ አይደለህም፤ ሠርግና ጉልበት እያልክ አንተ ነህ ያስጀመርከን። ይሉኝታን በሚመለከት እኔና አንተ ቅር ሳንሰኝ የተስማማን ባልና ሚስት ነበርን። ያ መስክ የእኛ ሊሆን ይችል እንደነበር ሳውቅ አንተን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ ያህል ተሰማኝ። ይህን ለሳሮንም አልነገርኳት።

እሷ ግን ገብቷታል መሰለኝ። ስልኳን ስትጎረጉር ሰንብታ ሌላ ቦታ አገኘች፤ ከሚስ ካሮል የራቀ፣ መሬቱ ያነሰ፣ ቤቱ የባሰ። በረንዳው ወድቋል፣ ወለሉን በአንድ በኩል ምስጥ በልቶታል፣ የውኃ ጉድጓዱ ፓምፕ ሞቷል። ቤቱን የፈተሸው ኢንስፔክተር ካልሲው ድረስ አቧራ ለብሶ ወጣና የቤቱ አጥንት ደህና ነው፣ ሌላው ሥራ ነው አለን። እኔ እንደ አንተ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሣር ነቅዬ አኘክሁ። ሳሮን ከኋላዬ «ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ፔስቲሳይድ ተረጭቶበት ቢሆንስ! ኦ ማይ ጋድ!» እያለች ትጮሃለች። ጣዕሙ ምን መሆን እንዳለበት እኮ አልነገርከኝም ሽሜ። ለላም ይሁን ለፍየል ምንም አልገባኝም፤ አኝኬ ተፋሁት።

ልግዛ አልግዛ እያልኩ ሰነበትኩ። ወገቤ እንደ ድሮ አይደለም። ላም አልቤ አላውቅም፤ ሳሮን ደግሞ ነገ አግብታ ትሄዳለች። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሚስ ካሮልን ብገዛ ኖሮ አንተ የመረጥከውን ነበር የምገዛው፤ በረቱ የት እንደሚሠራ ከአንተ ተቀብዬ። ይሄኛውን ግን እግርህ አልረገጠውም። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ አንተ ያላየኸው የመጀመሪያው ነገሬ ይሆናል። ይሄ አስፈራኝ፤ ወደ ኋላም ጎተተኝ።

ግን ይሄም በይሉኝታ እንዳያመልጠኝ ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር ኦፈር አስገባሁ፤ ተቀበሉኝ። እትዬ አልማዝ ከሰው ሰምታ ሳትነግረኝ ብላ አኩርፋለች። እሄድና እታረቃታለሁ፤ ወንድሟን ያጣች ሴት ናት። የሊቶኒያው ቤት በሚቀጥለው ወር ለገዢው ይለቀቃል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። በሕልሜ ስትመጣ ሁልጊዜ በሊቶኒያው ቤት ነው የምትመጣው፤ በጋራዡ በኩል ገብተህ ኩሽና ውስጥ ታገኘኛለህ። አሁን ብትመጣ ሰው ቤት ትገባለህ። ለዚህ ነው አፍሬም ቢሆን መጻፌ፤ መንገዱን ልነግርህ። ከሊቶኒያ የአይ ትዌንቲን አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ያዝ፤ ቤቱ እየሳሳ ጥዱ እየበዛ ሲሄድ ውጣና ወደ ግራ ታጠፍ። ትንሽ ድልድይ ታልፋለህ። ከዚያ በቀኝህ በረንዳ የሌለው ነጭ ቤት ታያለህ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። መንገድ ብትስትም አትጨነቅ፤ በየቀኑ ስምህን ስለምጠራ ድምፄን ተከትለህ ትደርሳለህ።

በጎቹን ሰው ያማርጠኛል። ላም ግን መጥተህ ሳታይልኝ አልገዛም።

አስቱህ