የሁርሊንግሃሙ ገንዳ

ይድረስ ለእኅቴ ለብዙነሽ፣

ከሰላምታ በፊት ልንገርሽ፤ ልጅሽ ሚናስ በድሎኛል። አሁን ደኅንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ።

በመዋኛ ገንዳ ሠሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሰርተፍኬት የሌለው ከአባልነት ይሰረዝ ሲባል፣ እኔ እንደሌለኝ እያወቀ ሚናስም ደግፎ እጁን አወጣ። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስንወጣ ተከትሎኝ፣ «ጋሼ፣ ፈተናው ቀላል ነው፤ እኔ አስጠናዎታለሁ» አለኝ። «አንተ መጀመሪያ ሲሚንቶ ማቡካት ተማር» ብዬው ማታቱ የሚሉትን የዚህ አገር ታክሲ ተሳፈርኩ።

እንግዲህ አባል ላልሆነ ሰው ሥራ የሚሰጥ የለም። የመጨረሻ ሥራዬ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሠራሁት ገንዳ ነው። ውሃው ይጎድላል። ፀሐይ ናት የምትጠጣው አልኳቸው ለባለቤቶቹ። ለማረጋገጥ ባልዲ ሞልቼ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩ፤ ፀሐይ ከሆነች ሁለቱም እኩል ይጎድላሉ። ገንዳው ጎደለ፤ ባልዲው ግን እንደ ሞላ ነው። ጥላ ስለሆነበት ነው ብዬ ወደ ፀሐዩ ሳብኩት። ያው ነው። ባልዲም እንደ ድሮው አይሠራም።

ባለቤቶቹ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ይይልን ብለው ሚናስን ጠርተዋል። ሐሙስ ይመጣል። እስከዚያ በየጠዋቱ ማንም ሳይነሣ እየሄድኩ ከቧንቧ ውሃ እጨምርበታለሁ።

ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሚናስ አይቶ የሚነግርሽን ለራስሽ ያዢው፤ ለእኔ አትጻፊልኝ። እኔም ይህን ነገር እስክሞት ድረስ ዳግመኛ አላነሣውም።

ወንድምሽ ባንታየሁ