ከዘጠና የማያልፈው ጋን

ይህን የምትጽፈው የወንድምሽ ሚስት ናት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ የአባትሽ ነው። ከአፌ እንደወጣ እንድትጽፍ፣ እንዳታለሰልስና እንዳታሳጥር አስጠንቅቄያታለሁ። «አባባ፣ ስድብ ቢመጣስ?» ብላኛለች። ስድብም ከመጣ ትጽፈዋለች።

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ወገቤን የምትዪው ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ጠረጴዛ ትደገፊያለሽ? ባልሽስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ተወው? ትልቋ ልጅሽ የወለቀው ጥርሷ በቅሎላት ይሆናል። ትንሹ አሁንም ከአልጋ እየወደቀ ሳይነቃ መሬት ላይ ያድራል? በእኔ ወጥቷል፣ አትጨነቂ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። እናትሽ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም፣ ምላሷ ግን አንድ ቀን አሟት አያውቅም። እኔም በግራ ጆሮዬ ስለማልሰማ ግማሹ ነገሯ ብቻ ይደርሰኛል፤ በዚህ ምክንያት በጣም ተስማምተን እንኖራለን።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ አቅቶኝ አይደለም። በስልክ አንዴ ዋሽቼሻለሁና ሁለተኛ ራሴን አላምነውም። ደግሞም ወረቀት ካላዩ የማያምኑ ሰዎች አሉ። ምራቴ ጽፋ ስትጨርስ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች፤ ዋናው በፖስታ ይከተላል። ከሥሩ አውራ ጣቴን እጫንበታለሁ። ለአለቆችሽ እንድታሳዪው ነው።

አዲሱ የሙጫ መቀቀያ ጋን ቆሟል። አንቺ በሥዕል ታውቂዋለሽ፣ እኔ ዙሪያውን ዞሬ በእጄ ዳስሼዋለሁ። እንደ አሮጌው ያለ ጋን ሦስት ይውጣል። ብረቱ ከማብረቅረቁ የተነሣ ፊትሽን አይተሽበት ፀጉርሽን ታበጥሪበታለሽ። አሮጌውን ነቅለው ከመጋዘኑ ጀርባ አጋድመውታል። ሄጄ አጠገቡ ትንሽ ቁጭ ብዬ ስመለስ እናትሽ «ለቅሶ ደርሰህ መጣህ?» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እኛን ጡረተኞቹን ከሠራተኛው ጋር አዳራሽ ጠርተው ያንቺን ሥራ አሳዩን። ያሳየን የፕሮጀክቱ ኢንጂነር ነው፤ ሠራተኛው «አይፈነዳም» ይለዋል፣ ምን ብትጠይቂው መልሱ ይህ ቃል ስለሆነ። ምሳ ስንት ሰዓት ነው ብትዪውም አይፈነዳም ሳይል አይቀርም። ጋኑን ግድግዳ ላይ አበራው። ሙቀቱ በቀለም ይሄዳል፣ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቀይ። «አሁን የማቀዝቀዣውን ውሃ ፓምፕ እናቆምበታለን» አለና አንድ ነገር ነካ። ቁጥሩ ወጣ ወጣ አለና ዘጠና ስድስት ሲደርስ ደክሞት ተመለሰ፤ ቁጥሩን ያነበበልኝ አጠገቤ የተቀመጠው ብየዳ ሠራተኛ ነው። «በኮምፒዩተር ሺህ ጊዜ አቁመነዋል፣ ሺህ ጊዜ ተመልሷል። ስለዚህ ከሥር የነበረው መልቀቂያ ቫልቭ አያስፈልግም፤ ለማስተንፈሻ ቧንቧም ይህች ትበቃለች» ብሎ ክንዱን አሳየን። ሰው አጨበጨበ። ልጄ መሆንሽን ስለሚያውቁ ወደ እኔ ዞረው ነው ያጨበጨቡት። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ነገሩን ንቄው እንዳይመስልሽ። እኛ በቆዳችን ነው የተማርነው። እናንተ ገና ብረት ሳይቆረጥ ፋብሪካውን እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ሠርታችሁ፣ አቃጥላችሁ፣ ሰንጥቃችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ጣቱን ሳይጠበስ የቱ ጋ እንደሚከፋ ታውቃላችሁ። በእኔ ጊዜ ይህ ቢኖር ያ ብየዳ ሠራተኛ ዛሬ ሁለት ዓይን ይኖረው ነበር። ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ጋን አየሁት፤ የእኔ ጋን አይደለም። ያ ጨዋ ጋን ነው። የእኔው ጨዋ አልነበረም። ጨዋ አስመስዬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የደወልሽልኝን ታስታውሺያለሽ። የአዲሱ ጋን ጥናት ለእናንተ መሥሪያ ቤት እንደተሰጠ፣ አንቺም «የአባቴ ፋብሪካ ነው» ብለሽ ለምነሽ እንደወሰድሽው ነገርሽኝ። እኔ የፈረቃ ሠራተኞች ክፍል ውስጥ ከወጣቶቹ ጋር ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ ስልኩን የመፍቻ ሣጥኑ ላይ አስቀምጠው ድምፅሽን ለሁሉም ከፍተውታል። «አባዬ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ቅጽ ልከውልኝ ሁሉም ሰዓት ላይ ዘጠና ነው የሚለው። ከዘጠና ንቅንቅ የማይል ጋን አለ እንዴ?» አልሽኝ። ጥሩ ጠየቅሽ። አንቺ ጠርጥረሽ ነበር። እኔ ግን ስምንት ወጣት አፉን ከፍቶ እያየኝ «እኔ ቆሜ ከዘጠና ሊያልፍ? ደፍሮኝ አያውቅም!» አልኩሽ። ሳቁ፣ ጠረጴዛ መቱ። ደስ አለኝ። አንቺም ሳቅሽና «እንግዲያው አንተ ካልክ» ብለሽ ዘጋሽው። ያቺ ደስታ ናት አሁን የምትበላኝ።

አሁን የምነግርሽን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ፎርማን ሲያደርጉኝ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ቢሮው አያውቅም ነበር። የጋኑን ሙቀት በየሰዓቱ ቅጹ ላይ መጻፍ ደግሞ የፎርማን ሥራ ነው። የሙጫው አበሳሰል መመሪያ ዘጠና ይላል። አንቺ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ፤ በጠመኔ ጓዳው በር ላይ ዘጠኝንና ዜሮን አስጻፍሽኝ። አሥሩንም ላስተምርህ ብትዪኝ «ሁለቱ ይበቁኛል» ያልኩ እኔ ነኝ። እነሆ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ጋኑ ሰማንያ ቢሆን ዘጠና፣ መቶ ቢሆን ዘጠና። በኋላ በኋላማ ቱታዬን ሳልለብስ ገና ከመግባቴ የስምንቱን ሰዓት ሁሉ ሞልቼ እሰቅለው ነበር። ሌሎቹ ፈረቃዎች የተማሩ ነበሩ፤ እነሱም እኔን አይተው ዘጠና ጻፉ። አንዱ እውነቱን መቶ አራት ብሎ ጻፈና «ሥራህን ተኝተህበታል» ተብሎ ሳምንት ታገደ። ከዚያ ወዲህ ዘጠና የግቢው ደንብ ሆነ። በቦታዬ ፎርማን የሆነው ወንድምሽም የወረሰው ይህንኑ ነው።

ጋኑን ግን አውቀው ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። የመጥረጊያ እንጨት ሆዱ ላይ አስደግፌ በሌላው ጫፍ አዳምጠዋለሁ። «ጆሮ» ብለው ስም ያወጡልኝ ለዚያ ነው። ደህና ሲበስል ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ሙጫው አንዴ ከተነሣ እሳቱን ብታጠፊበትም ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ የሚያበርደው ዙሪያውን የሚሄደው ውሃ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አመለጠኝ። ሦስተኛው የከፋው ነው። በዚያ በሙቀቱ ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ ፓምፑ ቆመ። እንጨቱን ባስደግፍ ዝናቡ ጠፍቶ የከብት ትንፋሽ ሆኗል። ሰውን ሁሉ ጮኼ አስወጣሁና የሥሩን ቫልቭ በሁለት እጄ ፈታሁት። ሙጫው እየጨሰ ወደ ቦዩ ወረደ። ከላይ የክዳኑ ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበጥሶ እያፏጨ በግራ ጆሮዬ በኩል ሄደ። እርጅና ነው ያልኳችሁ ውሸት ነበር፤ ጆሮዬ የቀረው ያን ቀን ነው። ሙጫው ቦዩ ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ዛሬም ሰው ይረግጠዋል። ቢሮውን «ጋስኬት ተበላሽቶ ነው» አልኩት። ቅጹ ላይ ያን ሰዓት ዘጠና ይላል። ቀድሜ ሞልቼው ነበርና።

እንግዲህ እውነተኛውን ልስጥሽ። የሙቀት መለኪያው፣ የጌጁ መርፌ የቆመበት ቦታ ከዓይኔ አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት ምራቴን ይዤ ወደተጣለው ጋን ሄድኩና በጣቴ አሳየኋት፤ መቶ ሃያ ስድስት ነው አለች። ቫልቩን ስከፍትም ገና እየወጣ ነበር። ፓምፑ ከቆመ እስከ ከፈትኩበት ድረስ ያለውን ደግሞ ያን ቀን የተራመድኩትን ሁሉ እንደገና ተራመድኩት፦ ከጌጁ እስከ ፓምፑ ቤት፣ ማብሪያውን ሦስት ጊዜ መሞከር፣ ሰውን ማስወጣት፣ ደረጃውን መውረድ። በስልኳ ሰዓት ያዘችብኝ። ዘጠኝ ደቂቃ አለች፤ አሁን እግሬ ስለዘገየ ሰባት በዪው። ጋኑ ሩብ ጎድሎ ነበር። ውሃው ከመቆሙ በፊትም ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ለብ ያለ ነበር። ከዚህ በላይ ቁጥር የለኝም።

ለማናጀሩ ነግሬዋለሁ። ነግሬዋለሁ ስልሽ ግማሹን ነው። «ይህ ነገር ይግላል፣ የሥሩን ቫልቭ አትንሡት» አልኩት። በአክብሮት አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ከዚያ የድሮውን ቅጽ አውጥቶ «አባት፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም? የልጅዎን ሥራ እርስዎ ሊያፈርሱባት ነው?» አለኝ። እዚያ ጋ ነው «እኔ መጻፍ አልችልም፣ ውሸት ነው» ማለት የነበረብኝ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። አሁን አባቱ ጃጅቷል ብለው ለወንድምሽ ነግረውታል። እሱም አፍሮብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን አላየም። የአዲሱ ጋን የመጀመሪያ ብስል የሚወጣው በእሱ ፈረቃ ነው። ራሱ ጠይቆ ነው የወሰደው፤ የአባቴ ቦታ ነው ብሎ።

ምራቴ እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማ ነበር። «አባባ፣ ይህን እሱ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። ቦዩ ውስጥ የደረቀውን ሙጫ ጋስኬት ተበላሽቶ የፈሰሰ ነው ብሎ ነው ያደገው። ወረቀቱ ላይ የረጠበ ነገር ካየሽ የእሷ ነው፤ እኔ አላለቅስም። ጻፊ ስላት ጻፈች፤ ጎበዝ ናት።

ልጄ፣ የምጠይቅሽን አውቀዋለሁ። ያንን ኮምፒዩተር እንደገና ክፈቺና በዘጠና ፋንታ ይህን አስገቢበት፤ ፓምፑንም እንደገና አቁሚው። ከተመለሰ እሰየው፣ ጃጀሁ ማለት ነው፤ ደስ ብሎኝ እጃጃለሁ። ካልተመለሰ ግን የፈረምሽውን ወረቀት ያጠናሁት በውሸት ነው ብለሽ ልትስቢው ነው። ስምሽ ይበላሻል። ያንን ወንበር ለማግኘት ስንት ዓመት እንደደከምሽ አልረሳሁም። ምን ሰጥቼሽ ነው ይህን የምጠይቅሽ? ብትፈርጂብኝ እቀበላለሁ።

ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቧንቧው ተበይዷል፣ የምረቃው ጥሪ ተበትኗል፣ ለእንግዶች ወንበር እየተደረደረ ነው። አንቺ ብትጽፊም እስኪያነቡት፣ ቢያነቡትም እስኪያምኑት፣ ቢያምኑትም እስኪያፍሩበት ድረስ ጋኑ ይበስላል። ወንድምሽን አትሂድ ብለው ይሄዳል፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው አንቺ ያላወቅሽው ነገር እንዳይኖር ብቻ ነው። ነገ የሆነው ሆኖ «የትኛው ስሌት ላይ ሳትኩ?» እያልሽ ራስሽን እንዳትፈልጊ። አንቺ አልሳትሽም። የሰጠሁሽን በትክክል ሠርተሽዋል።

ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪው፤ አጥብቆ እንዲይዝሽ። ለትልቋ፣ አያትሽ ቁጥሩን ሁሉ እስከ መጨረሻው ተማሪ ብሏል በዪያት። ትንሹን በእኔ ፋንታ ጭንቅላቱን ዳብሺልኝ። ባለፈው ለባልሽ ሳል መድኃኒት የሰጠችውን ጎረቤትሽንም ሰላም በዪልኝ። እናትሽ አፍንጫሽን ስማሻለች ብለህ አስጽፍ ብላኛለች፤ ከደብዳቤው ሌላውን አላነበብንላትም። የወንድምሽ ልጆች ተኮልኩለው እጅ ነስተዋል።

ከፋብሪካው አጥር ጋር ከሚዋሰነው ቤታችን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አዲሱ ጋን ሊነሣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው። አውራ ጣቴ ይህ ነው።

በይ እንግዲህ ምራቴ፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ከላይ ጀምረሽ፣ ምንም ሳትዘይ። ቆዪ፣ ባልሽ ከሥራ ገብቷል፤ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማኛል። በሩን ክፈቺውና ጮክ ብለሽ አንብቢ።