ዳዊት የናቲን ኮምፒውተር ለምን ፈለገው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

የልጄ የናቲ የሥራ ጓደኛ ዳዊት ጠዋት መጣ። ናቲ ከመሞቱ በፊት የመዝሙር ግጥም በቸርቻችን ግድግዳ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በእሱ ኮምፒውተር ሲከፈት በዓይኔ አይቻለሁ። በቸርች ኮምፒውተር ግን እንቢ አለ፤ እሑድ ደግሞ መዘምራኑ ይፈልጉታል።

«ማዘር፣ ሁለቱም የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ ዴስክቶፓቸው፣ ማለትም ሲበሩ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ገጽ ግን ይለያያል» አለኝ ዳዊት። «የናቲ ፕሮግራም የሚከፈተው ከላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። የቸርቹ ለዚያች ምልክት ቦታ የለውም። ፕሮግራሙ ውስጥ ለውስጥ እየሠራ ነው፤ መግቢያው ነው የጠፋው። እኔ ቤት እንደ ቸርቹ ያለ ኮምፒውተር ስላለ፣ የናቲን ልውሰደውና ጎን ለጎን አድርጌ ላስተካክለው።»

ሁለቱም አንድ ከሆኑ እንዴት ይለያያሉ? ምንም አይገባትም ብሎ የልጄን ሥራ የራሱ ሊያደርገው ቢሆንስ?

«ያንተን እዚህ አምጣው» አልኩት።

«ከሸጎሌ ድረስ? ያን ትልቅ ሳጥን ታክሲ ውስጥ ታቅፌ?»

«ታቀፈው።»

ከሰዓት በኋላ እውነትም ታቅፎት መጣ። «ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ናቲ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቶቹን በዓይኔ ስከታተል ቆየሁ። አንዱ ላይ ሲያስተካክለው ሌላው ላይ ይበላሽበታል። ሳይጨርስ መሸ።

«እባክዎ ማዘር፣ ለዛሬ ብቻ ልውሰደው?»

«ነገ ተመለስ» አልኩት።

አሁንም አላመንኩትም። ግን ከሰዓት እሱ ሲሠራ ለአፍታ ሻይ ላፈላ ወጥቼ ሳለ ከናቲ ክፍል የመተየብ ድምፅ ሰማሁ፤ ልክ ናቲ እያለ እንደነበረው። እንዳይወስደው የከለከልኩት ስለጠረጠርኩት ብቻ ይሁን አይሁን፣ እኔም አላውቅም።