ሳይታይ የቀረው መጨረሻ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

የመድኃኔዓለም ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራ ተሻለህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ዓይኔም ፊደል ለመለየት ገና አልሰነፈም። እናትህ አለች። ማክሰኞ ደውለህ ድምፅዋ ለምን እንዲህ ዘጋ ስትል ጉንፋን ነው ማለታችንን አምነኸን እንደሆነ እንጃ። ኢንተርኔቱ ተዘጋ እያለ አገር ሲያማርር እሰማለሁ፤ ሰሞኑን ግን ወሬ ቀድሞኝ አንተ ዘንድ እንዳይደርስ ስለያዘልኝ እኔ አመሰገንኩ።

የምጽፍልህ በስልክ የማይነገር ስለሆነብኝ ነው። ነገሩ ስለጻፍከው የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

አትሳቅ። ቴሌቪዥኑን የላክህልን ጊዜ ከጸሎት ክፍሌ አርቁልኝ ብዬ እንደተቆጣሁ ታስታውሳለህ። እናትህም ዳንቴል አልብሳ ጓዳ አስቀመጠችው። ያንተ ድራማ ሲጀምር ግን ሳሎን ገባ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው እየተቀመጥኩ በጆሮዬ እከታተል ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሬን አዞርኩ። የቅኔ ተማሪዎቼ በመስኮት ተደርድረው ሲያዩ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳቸው። የልጄ ሥራ ነው፣ ኮራሁ፤ ምን ልዋሽህ።

እህትህ የትናየት ያን ጊዜ እዚህ ቢቸና እኛ ጋር ነበረች። ሕፃኗን አዝላ ከሞጣ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው። ባሏ ምንይሉ እንደሚመታት ለእኛ አልነገረችንም፤ ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው የመጣሁት ነው ያለችን። እኛ የሰማነው ካንተ ድራማ ነው። ያቺ ጸደንያ ያልካት ሴት የዱላውን ምልክት ልትሸፍን ሻሿን ግንባሯ ድረስ ዝቅ አድርጋ ስታስር ሳይ፣ ዞር ብዬ የትናየትን አየኋት። እሷም እንደዚያው አስራ ነበር። ጸደንያ በቁርባን ነው የተጋባነው፣ ለማን ልናገር ብላ ስታለቅስ እናትህ ተነስታ ወጣች። ለካ የትናየት አምና ለፋሲካ ስትገናኙ ላንተ ብቻ ነግራህ ኖሯል።

ገመናዋን አደባባይ ስላወጣህባት ተቆጥታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ወንድሜ በአፉ ሊነግረኝ ስላፈረ በዚህ እየመከረኝ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚለኝን አያለሁ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለሷ ድራማ መሆኑ ቀረ። እሁድ በመጣ ቁጥር ሕፃኗን አስተኝታ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ ውሃ ስጪኝ ብላት እንኳ አትሰማኝም። ጸደንያ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ያስገባች ዕለት የትናየት ስትስቅ ሰማኋት። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ያንን ቄስ አመጣህብን።

ልጄ፣ ለዚያ ሰውዬ ጥምጥሙን የጠመጠመለት ማን ነው? መስቀልስ እንደ ማንኪያ ነው እንዴ የሚያዘው? ይህን እንኳ እንተወው። ያ ተዋናይ ጢሙን እያሻሸ፣ ቁርባን ያስተሳሰረውን ሞት እንጂ ዱላ አይለየውም ብሎ ጸደንያን ወደ ቤቷ ሲመልሳት፣ ባልየው እግሯ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሳጋባ፣ ሳናዝዝ፣ የተጣላ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሴት ልጅ ነፍሷን ከሚያሳጣት ቤት አትውጣ የሚል ሕግ ከማንም መምህር እግር ሥር ተቀምጬ አልተማርኩም።

በማግሥቱ ደውዬ ስጠይቅህ የመለስክልኝን አልረሳሁትም። እኔ የጻፍኩት እንዲህ አልነበረም፣ ትታው ትሄድ ነበር፣ ግን ቁርባንን ደፈራችሁ ብሎ ሰው በፌስቡክ ተነሳብን፣ ጣቢያውም ፈራ፣ ምእመናንን ላለማስቀየም ስንል ለወጥነው አልከኝ። ምእመናንን! ምነው አንድ ቀን ደውለህ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ። አባትህ እኮ ቄስ ነው፤ ሌላ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም ነበር።

የትናየት ድራማው ያበቃ ዕለት ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

በሳምንቱ ከሞጣ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ታዘበው ከፊት፣ ምንይሉ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ። እኔ ቁርጡን ተናገርኩ። በቁርባን ያጋባኋቸው እኔው ነኝ፣ የማላውቀው የለም፣ ልጄ አትመለስም አልኩ። አቶ ታዘበው በአክብሮት ፈገግ ብለው፣ የኔታ፣ እርስዎ የአባት አንጀት ይዞዎት ነው፣ ሕጉንማ አገር ሁሉ እየሰማ አባ በቴሌቪዥን ተናግረውት የለም ወይ አሉኝ። አባ! ያንን ተዋናይ ነው አባ የሚሉት። ሌሎቹም እውነት ነው እያሉ ተቀበሏቸው፤ ጸደንያ ተመልሳ ትዳሯ ሰመረ ብለው የጎረቤት ልጅ የሚጠቅሱ ይመስል ጠቀሷት። እዚህ አገር ቆሜ ሳስተምር ኖሬ በኪራይ ካባ ተረታሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

የነሱን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የሷን ነው። ጓዳ ወስጄ፣ እኔ አባትሽ እያለሁ ማንም አያስገድድሽም አልኳት። አባየ፣ እርስዎ ስለማሳዝንዎት ነው እንዲህ የሚሉኝ፤ ወንድሜ ግን ሁሉን ነግሬው፣ ቁስሌንም አሳይቼው፣ አስቦበት ነው ተመለሽ ያለኝ አለችኝ። የጣቢያውን ነገር ነገርኳት። ለወጡበት እንጂ እሱ እንዲህ አላለሽም አልኳት። ታዲያ ስሙ ለምን ከድራማው ሥር ተጻፈ ብላ ጠየቀችኝ። ከራሱ አፍ ስሚው ብዬ ስልኩን አነሳሁ፤ የዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም።

ሁኔታውን አይቼ እመለስና እወስዳታለሁ ብላ ሕፃኗን ለእናትህ ትታ ሄደች። እናትህ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት።

ምንይሉ አሁን በፖሊስ እጅ ነው። ሕፃኗ እኛው ጋር ናት፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትሮጣለች። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አትጠብቀኝ። የቀረው በወረቀት አይነገርም፣ ወጋችንም አይደለም።

ታዲያ ለምን ጻፍክልኝ ትል ይሆናል። ስትመጣ ሰው በየጥጉ የሚያወራውን ትሰማለህ፤ ድራማው ነው የሚል አለ፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚል አለ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚልም አይጠፋም። ከማንም በፊት ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው። ተቆጥቼብሃለሁ፣ ልጄ። አንጀቴ እርር ብሏል። የመታት እጅ ግን ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህንንም ከማንም በፊት ከእኔ ስማው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ አንተን ደግሞ በቁጣዬ ማጣት አልፈልግም።

እናትህ አንድ ነገር እየደጋገመች ትጠይቀኛለች። ያ መጀመሪያ የጻፈው ላይ ጸደንያ ትታው ስትወጣ የት ነበር የምትሄደው ትለኛለች። ማን ተቀበላት? ልጇን ይዛ ነው ወይ የምትወጣው? እኔ ከየት አውቄ ልንገራት። ስትመጣ አጠገቧ ተቀምጠህ ንገራት፤ ምንም ሳታስቀር ንገራት።

ይህን ደብዳቤ የሰጠህ አጎትህ ይስማው ብቻውን አልመጣም። የንስሐ አባትህ ቄስ ሀብተ ሥላሴና ዘመዶችህ ደጅ ቆመዋል፤ አንብቦ እስኪጨርስ አትግቡበት ብዬ ለምኛቸው ነው። በማለዳ ስለሆነ ብርድ ይመታቸዋል። ተነስና በሩን ክፈትላቸው፤ የሚሉህን ቁጭ ብለህ ስማ፤ ከዚያ ነጠላህን ይዘህ አብረሃቸው ና።

የአባቶችህ አምላክ አይለይህ። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ።

የሚወድህ አባትህ፣
ከቢቸና