ስም ሸፍነው የቀጠሩት አቶ እንዳላማው አወቀ (1951–2017 ዓ.ም.)

ከእናንተ መካከል ሥራ ስትቀጠሩ የትውልድ ቀበሌያችሁን ያልተጠየቃችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ካላችሁ፣ ውለታው ዛሬ የምንሸኛቸው የታላቅ ወንድሜ ነው።

አቶ እንዳላማው ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ደምለውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔአለም መሳፍንት በደብረ ኤልያስ አካባቢ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያውና በደብረ ማርቆስ ተከታትለው፣ በ1973 ዓ.ም. በከተማችን በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ፤ ኋላም የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ እየሩስ ዘማርያም ጋር ትዳር መሥርተው አንተነህንና ሩሃማን ወለዱ።

በ1994 ዓ.ም. ግን አጠፉ። ሟች አይወቀስም የምትሉ ጆሯችሁን ድፈኑ፤ እንድጽፈው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። በጸሐፊነት ፈተና አንደኛ በወጣችው በዘሪቱ ማመልከቻ ላይ የሸክላ ሠሪዎችን መንደር ስም አዩና ሁለተኛ የወጣችውን ቀጠሩ። ዘሪቱ በሳምንቱ መጥታ ውጤቷን ብቻ ጠየቀች። «ነገ ተመለሺ» ብለው ሸኟት። በማግስቱ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቆሙ፦

«አንደኛ የወጣችውን የጣልኳት እኔ ነኝ። ምክንያቴም እናቷ ድስት ስለሚሠሩ ነው።»

እንዲህ ብሎ የሚቆም ኃላፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘሪቱ በቀጣዩ ክፍት ቦታ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያ ቀን ምሳዋንም ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ይህን ወረቀት የተየበችልንም እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ በየማመልከቻው ላይ ስምን፣ ሃይማኖትንና ትውልድን በወረቀት ለጥፈው ሸፈኑ፤ ውጤት ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ ልጣፉ አይነሳም። የቅጥር ኮሚቴው «አቶ ሸፋኙ» እያለ አሾፈባቸው። እሳቸው ግን ትውልድ አይጠየቅም የሚል የሥነ ምግባር ደንብ አርቅቀው ሰሌዳው አጠገብ ሰቀሉ፤ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም አላስነኩትም።

በ2016 ዓ.ም. ደንቡ ለቀለም ቅብ ተብሎ ወረደ፤ አልተመለሰም። በቅጥር ቅጹ ላይ ግን የትውልድ ቀበሌ ተመለሰ። አቶ እንዳላማው ኩላሊታቸውን እየታመሙ፣ በከዘራ እየተደገፉ ለምን ብለው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስገቡ። መልስ ሳያዩ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ትውልድ በማይጠየቅበት ቤቱ ያሳርፍልን።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ መንበሩ፣ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ ናቸው። የወንድሜ አርባ ከመድረሱ በፊት፣ የሰው የትውልድ ቀበሌ ለምን እንደሚያስፈልግዎ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በፊርማዎ ይመልሱ።