የሰደቃ ሰባት

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ
ሚኒባስ አጥቼ በአይሱዙ መካነ ሰላም ገባሁ። ወገቤ አለቀ። ከምርምር ማዕከላችን ተልኬ ስምንተኛ ክፍሎችን ስለ አፈር ላስተምር ነው። ይዣቸው የመጣሁትን ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ "እዩ፣ እዩ" እያልኩ አንድ ሰዓት ለፈለፍኩ። ስጨርስ አንዲት ልጅ ደጅ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየሁ። ፈርሂያ ትባላለች። ዓይነ ስውር ናት።

የሳይንስ መምህሩን በፍቃዱን ጠየቅኩት። "እንዳትቸገር ብዬ ነው። ለተግባር ፈተናው ሳትፈተን ከአሥር ሰባት እሰጣታለሁ" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን...

ጥቅምት 19
ከሐሳቤ አልወጣችም። እኔ ራሴ የአፈር ዓይነት የምለየው ውሃ ጠብ አድርጌ በጣቴ አሽቼ አይደል? ዓይን ምን ሠራ? ታዲያ ያን ሁሉ ሥዕል ምን ነክቶኝ ተሸከምኩ? በራሴ ተናደድኩ።

ጥቅምት 25
አሥር ጣሳ አፈር ይዤ ሄድኩ። ፈርሂያን አስገባኋት። ጥቁሩን ዋልካ እንደነካች፣ "ይሄማ ክረምት ጫማዬን የሚያስቀርብኝ ነው" አለች። ክፍሉ ሳቀ።

ስንወጣ ያዝ አደረገችኝ። "እትዬ፣ ያቺን ሰባት አልፈልጋትም። ሰደቃ ናት። እንደ ልጆቹ ልፈተን።"

ኅዳር 2
ከበፍቃዱ ጋር ተጨቃጨቅን።

"ብትወድቅስ? አንቺ መጥተሽ ትሄጃለሽ። ጨካኝ የምባለው እኔ ነኝ።"

እውነቱን ነው። ቢሆንም አልለቀቅኩትም። "ከወደቀች በራሷ ትውደቅ" አልኩት። ሰኞ ሰኞም እየመጣሁ ላለማምዳት ቃል ገባሁ። በስንት ጭቅጭቅ እሺ አለ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በጣት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ
ቀዩን አፈርና አሸዋማውን ታምታታለች። ትቸኩላለች። ተቆጣኋት። ፈገግ አለች... ለትምህርት ተቆጥቷት የሚያውቅ ሰው የለም መሰለኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ
ተፈተኑ። አሥር ጣሳ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። በፍቃዱ ውጤት ጠራ። "ፈርሂያ፣ ስድስት።"

ቅስሜ ስብር አለ። ዝም ብላ ብትቀመጥ ሰባት ነበራት እኮ። አንዷን ነጥብ ያስቀረሁባት እኔ አይደለሁም?

"ቲቸር፣ የራሴ ናት?" አለች።

"የራስሽ ናት። ምንም አልጨመርኩበትም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "የሳትኳቸው አራቱ የትኞቹ ናቸው? እስቲ ያምጡልኝ።"

በፍቃዱ ጣሳዎቹን ራሱ አቀረበላት። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ስወጣ፣ "ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል" እያለ ሲቆጣት ሰማሁት።